ለአንድ ቀን ወደ ዝቋላ የሚወጣ ማኅበር አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው

መኸሩ ተሰብስቦ አውድማው ከተጠረገ በኋላ በየገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ የሚነሳ አንድ ሐሳብ አለ። ይኸውም አባላቱ ለአንድ ቀን ወጥተው ገዳም እንዲሳለሙ፣ ተራራ እንዲያዩ፣ እግረ መንገዳቸውንም የሌላውን ገበሬ የመሬት አያያዝ እንዲመለከቱ የሚል ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ዓመቱን ሙሉ ከሞፈርና ከቀንበር ሳይለይ የከረመ ሰው አንድ ቀን ከቀዬው ወጣ ብሎ ቢመለስ የሚቃወም አይኖርም። ችግሩ የሚጀምረው ጉዞውን እንዲያሰናዳ የተመረጠው ኮሚቴ በተቀመጠ ጊዜ ነው። ኮሚቴው ስለ መኪናው ኪራይና ስለሚታረደው በግ ሁለት ሰዓት ሲከራከር ይቆይና ስለ ውሃው፣ ስለ እግር መንገዱ፣ ስለ መመለሻው ሰዓትና ስለ ተራራው ስለ ራሱ አንድም ቃል ሳይነጋገር ይበተናል።

በሸዋ ለእንዲህ ያለው ጉዞ ከሚታሰቡት ቦታዎች አንዱ ዝቋላ ነው። ከቢሾፍቱ ከተማ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ጤፍና ሽምብራ ከሚበቅልበት ሜዳ መካከል ብቻውን ብድግ ያለ፣ እሳተ ገሞራው ከጠፋ እጅግ ብዙ ዘመን የሆነው ተራራ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,989 ሜትር ይደርሳል። በአናቱ ላይ በተራራው አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ አለ። በሐይቁ ዙሪያ የጥድ ደን፣ በደኑም ውስጥ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ይገኛል። ጻድቁ በአንበሶችና በነብሮች ተከብበው በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሲሣሉ ያላየ ገበሬ አይኖርም። ሐይቁ በምዕመናን ዘንድ እንደ ጠበል የሚታይ ነው። ከዚህም ሌላ ተራራው በአካባቢው የኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የሚከበር ስፍራ ነው። እንግዲህ ወደ ዝቋላ የሚወጣ ማኅበር የሚሄደው ሰው አልባ ወደ ሆነ ጋራ አይደለም። አባቶች ወደሚጸልዩበት፣ ገበሬዎች በሥሩ ወደሚያርሱበት፣ ባለቤት ወዳለው ስፍራ ነው።

በመሆኑም ጉዞው መጀመር ያለበት ከጥያቄ ነው። በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. የገዳሙ አራት አባቶች በታጣቂዎች መገደላቸውን ቤተ ክርስቲያን ማስታወቋ የሚዘነጋ አይደለም። ማንም የማኅበር መሪ የአርባ ሰው ነፍስ በእጁ ይዞ ሲነሳ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከወረዳው አስተዳደርና ከገዳሙ ጽሕፈት ቤት ሳያረጋግጥ ቀን መቁረጥ የለበትም። ከዚያ የመጣ ሰው «ምንም የለም» አለኝ ማለት ማረጋገጫ አይሆንም። መልሱ «አሁን አይሆንም» ከሆነም ጉዞው ይቆይ። ተራራው የትም አይሄድም።

ሰላሙ ከተረጋገጠ የሚከተለው ቀን መምረጥ ነው። ብዙዎች ወዲያው የሚጠሩት መጋቢት 5ን ወይም ጥቅምት 5ን ነው። በእነዚህ ቀናት የጻድቁ በዓል የሚከበር በመሆኑ ለመሳለም የሚወጣ ሰው በእርግጥም ሌላ ቀን አይመርጥም። ይህን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን የማኅበሩ ዓላማ መሳለም ብቻ ሳይሆን ደኑንና መሬቱን አይቶ መማርም ከሆነ፣ የበዓሉ ቀን የማይመች ነው። የሚተራመሰው ሕዝብ ብዙ ስለሆነ አባቶችን ማነጋገር ቀርቶ አብሮ የመጣን ሰው ማግኘትም ያስቸግራል። ጥቅምት ደግሞ ሌላም ችግር አለበት። ክረምቱ ገና መውጣቱ በመሆኑ በተራራው ዙሪያ ያለው ጥቁር አፈር ውሃውን እንደያዘ ነው። የጥቁር አፈርን ጠባይ ለገበሬ ማስረዳት ለቀባሪ እንደማርዳት ነው። ከሁሉም በላይ ጥቅምት ሰብሉ የሚጠበቅበትና ለአጨዳ የሚደርስበት ወር በመሆኑ፣ አርባ ሰው ከማሳው ላይ ነቅሎ መሄድ ለአንድ ቀንም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል።

የሚሻለው ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ያለው ጊዜ ነው። ውቂያው ያልቃል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ የበልግ እርሻም ገና ነው። እርግጥ ነው፣ ወቅቱ ደረቅ በመሆኑ የእሳት አደጋ ያሰጋል። ስለዚህ ጉዳይ ወደ በኋላ ላይ እንመለስበታለን ማለት ሳያስፈልግ፣ ከወዲሁ ኮሚቴው አንድ ውሳኔ ማሳለፍ አለበት። በተራራው ላይ እሳት አይነድም። በጉም ይቅር። ሰው ሥጋ ካማረው ማምሻውን ከቤቱ ይብላ።

ሰዓቱን በሚመለከት ስሌቱ ቀላል ነው። ቢሾፍቱ ያለችው ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ዝቋላ ከዚያ በ1,000 ሜትር ያህል ይበልጣል። ጤነኛ ሰው ሳይቸኩል በእግሩ ሲወጣ በአንድ ሰዓት 300 ሜትር ያህል ሽቅብ ይሄዳል ተብሎ ቢታሰብ፣ ከተራራው ሥር እስከ ሐይቁ አፋፍ ለመድረስ ሦስት ሰዓት መያዝ ያስፈልጋል። ለመውረድ ሁለት ሰዓት። ከ60 ወይም ከ70 ኪሎ ሜትር ርቀት የሚመጣ ማኅበር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተራራው ሥር ቢደርስ፣ 4 ሰዓት ላይ ከላይ ይሆናል። እስከ 7 ሰዓት ይሳለማል፣ ያርፋል፣ ይመለከታል። ከዚያ በኋላ መውረድ ነው። በ9 ሰዓት ታች ይደርሳል፤ ወደ ኋላ የቀሩትን አንድ ሰዓት ጠብቆ፣ ቆጥሮ፣ በ10 ሰዓት ይነሳል። በዚህ ውስጥ የሚባክን ጊዜ የለም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። አንዱ ገና ጫማውን እየፈለገ፣ ሌላው ቁርሱን እየበላ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መነሳት ይመጣል። ያን ጊዜ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሽቅቡ ይጀመራል፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ከጨለማ ጋር ይገናኛል። እግር የሚሰበረው ሲወረድ እንጂ ሲወጣ አይደለም።

በአንድ ቀን ሁለት ሥራ ለመሥራት የሚሹ ኮሚቴዎችም አሉ። ጠዋት ቢሾፍቱ የሚገኘውን የግብርና ምርምር ማዕከል አይቶ፣ ከሰዓት በኋላ ዝቋላ ለመውጣት ያቅዳሉ። ማዕከሉ የጤፍ፣ የሽምብራና የምስር ምርምር የሚካሄድበት፣ ገበሬው የሚያውቀው «ቁንጮ» የተባለው የጤፍ ዘር የወጣበት በመሆኑ ሊጎበኝ የሚገባው መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ሌላ ቀን ነው። አንድ በሬ በሁለት ማሳ አይጠመድም።

ወደ ውሃው እንምጣ ቢባል፣ ሽቅብ ለሚወጣ ሰው ለቀኑ ሦስት ሊትር ያስፈልገዋል። ለአርባ ሰው 120 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስድስት ይሆናል። ይህን ማን ይሸከመዋል? ወጣቶቹ እንዲሸከሙ ቢታዘዝ እኩል መንገድ ላይ ደክመው ያራግፉታል። «ከላይ ሐይቅ አለ አይደል» የሚለውም መልስ አይሆንም። ሐይቁ የተቀደሰ ስለሆነ ጠበል ነው ተብሎ በአክብሮት የሚቀርቡት እንጂ፣ ጀሪካን የሚነከርበት፣ እግርና ጨርቅ በሳሙና የሚታጠብበት ውሃ አይደለም። ስለሆነም ከተራራው ሥር ካሉት ገበሬዎች ሦስት አህያ መከራየት ይበጃል። ለአንዷ ሁለት ጀሪካን ቢጫን 40 ኪሎ ነው፤ ለሽቅብ የሚበቃት ጭነት ይኸው ነው። ኪራዩ የሚከፈለው ለገበሬ መሆኑም አንድ ጥቅም ነው። ወደዚህ ነጥብ የሚያደርስ ሌላ ነገር ከታች አለ።

ስንቁ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦና ዳቦ ቆሎ ይሁን። ይህ ረቡዕና ዓርብንም ሳይመርጥ የሚሆን፣ እሳት የማይጠይቅ፣ በጉያ የሚያዝ ምግብ ነው። ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ይዞ የወጣ ሰው ያንኑ ይዞ ይውረድ። በአህዮቹ ጫና ላይ ባዶ ጀሪካን ብቻ ስለሚመለስ ቆሻሻውን የሚሸከም ቦታ አለ። ከላይ ብርድ እንዳለም መታወቅ አለበት። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ ከታች ላብ ያራሰው ሰው ከላይ ነፋስ ሲያገኘው ይታመማል። ጋቢው ከቤት አይቅር።

እሳቱን በተመለከተ ብዙ ማለት ይቻላል። በመጋቢት ወር 2004 ዓ.ም. በዝቋላ ደን ላይ እሳት ተነስቶ ለቀናት ሲነድ ቆይቷል። የገዳሙ አባቶች፣ የአካባቢው ገበሬዎች፣ ከአዲስ አበባና ከአጎራባች ከተሞች የወጡ ወጣቶች በእጃቸው ባለው ነገር ሁሉ ተረባርበውበታል። ያን ጊዜ ተራራው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ያወቀው አንድ ነገር አለ። በዚያ ገደል ላይ የእሳት አደጋ መኪና ሊደርስ አይችልም። ነፋሱ ወደ ላይ ይነፍሳል፣ እሳቱም ወደ ላይ ይወጣል፤ ሰው ደግሞ ከእሳት ቀድሞ ሽቅብ ሊሮጥ አይችልም። ጥድ ሙጫ ያለው እንጨት በመሆኑ በደረቀ ጊዜ ቶሎ ይያዛል፤ ዕድገቱ ግን ዝግ ያለ ነው። ዛሬ የተቃጠለውን ጥድ የሚተካውን የሚያየው የዛሬው ሊቀ መንበር ሳይሆን የልጁ ልጅ ነው። አንድ ሻይ ለማፍላት ብሎ ሦስት ጉልቻ ያስቀመጠ፣ ወይም ሲጋራውን ሳያጠፋ የጣለ ሰው የሚያመጣው ጥፋት ይህን ያህል ነው። ስለዚህ ክብሪት የሚይዝ ሰው እንዳይኖር ሲነሱ መፈተሽ ነውር አይደለም። ሲጋራ የሚያጨስ አባል ካለ ለአንድ ቀን ይታገሥ፤ ያልቻለ ታች ሆኖ መኪናውን ይጠብቅ።

ለገበሬ ማኅበር መሪ ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚያሻው የእግር መንገዱ ነው። ሰው ተራራ ሲወጣ የተጠማዘዘው መንገድ ይረዝምበትና በአቋራጭ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አንድ ሰው በአቋራጭ ቢሄድ ሣሩ ይተኛል። መቶ ሰው ቢሄድ ሣሩ ይሞታል። በክረምት ጎርፉ የሚፈልገውም ይህችን ሣር የሌላትን ቀጥ ያለች መስመር ነው። በመጀመሪያው ዓመት የበሬ ፈር የምታህል ቦይ ይሆናል፣ በሦስተኛው ዓመት ሰው ጉልበቱ ድረስ የሚገባበት ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ቦረቦር ይባላል። ቦረቦሩ ከተራራው ሲወርድ ደግሞ የሚያርፈው በገዳሙ መሬት ላይ ሳይሆን ከሥር ባለው ገበሬ ጤፍ ላይ ነው። ከላይ የተሳለመው እንግዳ ይህን አያይም፤ አገሩ ገብቷል።

የመድኃኒቱ ነገር ለገበሬ አዲስ አይደለም። አቋራጩ አፍ ላይ እሾህ መድፋት፣ በዋናው መንገድ ላይ ጎርፉን ወደ ሣሩ የሚቀለብስ የድንጋይ መስመር አግድም ሰያፍ አድርጎ መትከል፣ ቁልቁለቱ በበረታበት መስመሮቹን ማቀራረብ ነው። የጀመረ ቦረቦር ካለ ክትር ይሠራል። ክትሩ ሲሠራ ሁለት ስሕተት ደጋግሞ ይታያል። አንደኛው መሐሉን ከጎኖቹ ከፍ አድርጎ መካብ ነው። እንዲህ ሲሆን ውሃው ወደ ጎን ዞሮ ዳርቻውን ይቆርጥና ክትሩን ብቻውን አቁሞት ይሄዳል። መሐሉ ዝቅ ማለት፣ ጎኖቹም ወደ ግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ተቆፍረው መግባት አለባቸው። ሁለተኛው ክትሮቹን አራርቆ መሥራት ነው። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ካልሆነ፣ በመካከላቸው ያለው አፈር መታጠቡን አያቆምም።

አገራችን ውስጥ ምዕመን ስእለት ሲኖረው ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ደብር የመውጣት ልማድ አለው። ይህን ልማድ በመልካም መጠቀም ይቻላል። ወደ ዝቋላ የሚወጡ አርባ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ድንጋይ ይዘው፣ አባቶች በሚያሳዩአቸው ቦታ ላይ በአቋራጩ አፍ ቢያኖሩ አርባ ድንጋይ ነው። በአንድ በጋ አሥር ማኅበር ቢወጣ አራት መቶ ይሆናል። ይህ ያለ ገዳሙ ፈቃድ የሚደረግ አይደለም፤ ድንጋዩም ከሰው ማሳ እርከን ላይ ተነቅሎ የሚመጣ መሆን የለበትም። (እንዲህ ያለው ነገር ሊሆን አይችልም የሚል ሰው የገበሬን ፍጥነት አያውቅም።)

ከላይ በሚቆይበት ሦስት ሰዓት ማኅበሩ ምን ይመልከት? ሐይቁን ሁሉም ያየዋል። ጉሬዛዎቹም በጥዶቹ ላይ ሲዘሉ ራሳቸውን ያሳያሉ። የማኅበሩ የልማት ሠራተኛ ወይም ከአባላቱ ነቃ ያለ አንዱ ማሳየት ያለበት አፈሩን ነው። አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ወይም የተሾለ እንጨት ይያዝ። ሲወጡ ከተራራው ሥር፣ ከብት ዘወትር በሚግጥበት በተራቆተ መሬት ላይ ይትከለው፤ ምን ያህል እንደሚገባም ይለካ። ከላይ ደግሞ አባቶችን አስፈቅዶ በጥዱ ጥላ ሥር፣ ቅጠል በተነጠፈበት ቦታ ላይ ይሞክረው። ከዚያ በሁለቱም ቦታ አንድ አንድ ጣሳ ውሃ ቀስ ብሎ አፍስሶ፣ ውሃው እስኪሰርግ ድረስ ይቆጠር። ከስድስት ጀሪካን ሁለት ጣሳ ማንንም አያስጠማም። ይህ ሙከራ ስለ ደንና ስለ ውሃ ከሚደረግ የግማሽ ቀን ንግግር የበለጠ ይናገራል። ደን ያለበት ተራራ የክረምቱን ውሃ ወደ ውስጥ አስገብቶ በበጋ ከሥሩ ቀስ እያለ የሚሰጥ ጎተራ ነው። የተራቆተው ተራራ ግን ውሃውን በአንድ ቀን አባክኖ አፈሩንም አብሮ ይልካል። በዝቋላ ሁለቱ በአንድ የሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ይገኛሉ። ገዳማውያን ይህን ደን ለትውልድ ያቆዩት በእርከን መመሪያ አይደለም፤ ዛፉን መቁረጥ ነውር ነው ብለው ነው። የገበሬ ማኅበራት የጋራ ደን የሚጠብቁበት መተዳደሪያ ደንብ ከዚህ ብዙ ሊማር ይችላል፤ ለምሳሌ ያህል መቀጫው ስንት ብር እንደሆነ ከመጻፍ በፊት፣ ዛፍ የቆረጠ ሰው በእድሩ ውስጥ በምን ዓይን እንደሚታይ መነጋገር ይቻላል።

ማን ይሂድ የሚለው ጥያቄም አለ። ወደ ደብረ ዳሞ ሴት አትወጣም፤ ወደ ዝቋላ ግን ሴቶች ወጥተው ይሳለማሉ። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ወንድ ብቻ ጽፎ «ሥርዓቱ ነው» የሚል ሊቀ መንበር ሥርዓቱን አያውቅም። እንጨት ለቅማ፣ ውሃ ቀድታ የምትኖር ሴት ስለ ደንና ስለ ምንጭ ከባሏ የበለጠ ታውቃለች። እምነቱ የተለየ አባል ካለም አይቅር፤ መቅደሱ ውስጥ ባይገባ ደኑንና መንገዱን ከማየት የሚያግደው የለም። አዛውንቶችን በሚመለከት፣ ልብና ደም ግፊት የሚያማቸው አባባ «እሞታለሁ እንጂ አልቀርም» ሊሉ ይችላሉ። በበጋ ጠንካራ መኪና የሚወጣበት ጥርጊያ መንገድ ስላለ፣ ለእነዚህ አረጋውያን የተለየ መኪና ተፈልጎ ቢገኝ ይሻላል እንጂ በእግር ይዟቸው መውጣት ማክበር አይደለም።

መኪናው ከተነሳ ዘንድ፣ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል በጭነት መኪና ላይ ሰው አሳፍሮ መሄድ ጨርሶ ሊታሰብ አይገባም። ሕጉም አይፈቅድም። የሚቆጠበው ገንዘብ አንድ ጎማ ሲፈነዳ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል።

ከተራራው ሥር ያሉት ገበሬዎች ጉዳይ በመጨረሻ መነሳቱ ትንሽ ስለሆነ አይደለም። በየዓመቱ በማሳቸው ዳር የሚያልፈው እንግዳ ለእነሱ ጥቅምም ጉዳትም ነው። አህያና በቅሎ ያከራያሉ፣ መንገድ ይመራሉ፣ ዳቦና እንቁላል ይሸጣሉ። በሌላ በኩል ሽምብራቸው በእሸትነቱ እየተነቀለ ይበላል፣ አጥራቸው ይፈርሳል፣ ቦረቦሩም ወደ እነሱ ይወርዳል። ሂሳቡን ያወራረደላቸው የለም። ጎብኚው ማኅበር ራሱ የገበሬ ማኅበር በመሆኑ ይህን ከማንም በላይ ሊረዳ ይገባል። ስለዚህ ደብዳቤ ሲጻፍ ለገዳሙ ብቻ ሳይሆን ለተራራው ሥር ቀበሌም አንድ ግልባጭ ይሂድ። በደብዳቤው ላይ የሰዎቹ ቁጥር፣ የሚመጡበት ቀንና ሰዓት፣ ስንት አህያ እንደሚፈልጉና በስንት ብር እንደሚከራዩ ይጻፍ። ኪራዩ ከዚያው ከባለ አህያው ጋር አስቀድሞ ከተቆረጠ በማለዳ ጭቅጭቅ አይኖርም፤ ገንዘብ ያዡም በብርድ ላይ ቆሞ አይከራከርም።

ደብዳቤው በታኅሣሥ መጀመሪያ ቢላክ ለመልስ በቂ ጊዜ ይኖራል። እስከ ጥር 10 መልስ ካልመጣ አንድ ሰው ተልኮ ይጠይቅ። መልሱ ሳይመጣ የመኪና ቀብድ መክፈል የለም።